ግጥሟ ቀድሞ ገባ፦ ከፋሽን ወደ ሙዚቃ የተሻገረች የአንዲት ሞዴል የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ተመረጠ

አዲስ አበባ ውስጥ በዘፈን ክሊፖች ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ በቅርቡ ቡና ጋበዘችኝና «ጋሼ፣ ነጠላ ዜማ ላውጣ?» አለችኝ። ፊቷን ሰው ያውቀዋል። ተከታይ አላት። ስቱዲዮ ያለው ጓደኛ አላት። ክሊፑን በነፃ የሚቀርጽላት ልጅም አግኝታለች። ልብሱ ሳይቀር ተመርጧል።

«ግጥሙስ?» አልኳት።

«እሱ ይፈለጋል» አለች።

ቤቴ ስገባ አንድ የቆየ ጉዳይ ማገላበጥ ጀመርኩ። የእኛ አገር ጉዳይ አይደለም። ጣሊያን ተወልዳ ፈረንሳይ ያደገች ሞዴል ታሪክ ነው። ስሟን አልጠራም። አብዛኛው አንባቢ ግማሽ ሳይደርስ ማን እንደሆነች ያውቃል፤ ይወቅ። ስሟ ሲነሳ ግን ሰው ትዝ የሚለው ባሏና የፍቅር ወሬዋ ነው፤ ሥራዋ ይረሳል። እኔ የፈለግኩት ሥራዋን ነው። ሌሎቹንም ሰዎች በሙያቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

በ1967 ቱሪን ከተማ ተወለደች። ቤተሰቡ የናጠጠ ሀብታም ነው። ሀብቱ ከኬብልና ከጎማ ፋብሪካ የመጣ ነው። አባቷ ግን ልቡ ሙዚቃ ላይ ነበር፤ የኦፔራ ሙዚቃ ይደርሳል። እናቷ በኮንሰርት መድረክ የምትጫወት ፒያኒስት ናት። በ1970ዎቹ ጣሊያን ውስጥ ሀብታም እያገቱ ገንዘብ መጠየቅ በዛ። ቤተሰቡ ፈርቶ ልጆቹን ይዞ ፈረንሳይ ገባ። እሷ ያኔ 7 ዓመቷ ነበር። ፒያኖና ጊታር የነካችው በልጅነቷ ነው።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። ኋላ እመለስባታለሁ።

ፓሪስ ውስጥ ሥነ ጥበብና አርክቴክቸር ጀምራ አቋረጠች። በ19 ዓመቷ ሞዴሊንግ ገባች። የገስ ጂንስ ማስታወቂያ ስሟን አወጣው። ከዚያ ዲዮር፣ ሻኔል፣ ቬርሳቼ፣ ኢቭ ሳን ሎራን የሚባሉት የፋሽን ቤቶች ተከተሉ። በ1990ዎቹ «ሱፐርሞዴል» የሚለው ቃል በየመጽሔቱ ሲጻፍ እሷም ከነሱ አንዷ ነበረች። በዓለም ከፍተኛ ክፍያ ካላቸው 20 ሞዴሎች መካከል ትቆጠር ነበር። በደህናው ዓመቷ ወደ 7.5 ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘች ተጽፏል።

እዚህ ላይ የሞዴል ገንዘብ እንዴት እንደሚሠራ ካላወቅን ጉዳዩ አይገባንም። ሞዴል የሚከፈላት ለቀኑ ነው። ፎቶው ለማስታወቂያ ከዋለ ደግሞ ለአጠቃቀሙ ይከፈላታል፤ ለዚህ አገር፣ ለዚህን ያህል ጊዜ ተብሎ። ጊዜው ሲያበቃ ውሉም ያበቃል። ፎቶው ውስጥ ያለው ፊት የእሷ ነው፤ ፎቶው ግን የእሷ አይደለም። ነገ መሥራት ካቆመች ነገ የሚገባው ገንዘብም ይቆማል።

በሠላሳ ዓመቷ ገደማ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ አቆመች።

ችግሩ

በዚያ ሙያ ሠላሳ ዓመት እርጅና ነው። ቀድሞ የተደወለበት ስልክ ዝም ይላል። አንዳንዷ ሽቶ በስሟ ታወጣለች፣ አንዳንዷ ፊልም ትሞክራለች፣ አንዳንዷ ታገባና ትረሳለች። ሙዚቃ ግን ለሞዴል ከሁሉም የከፋው በር ነበር። ለምን እንደሆነ ለማየት ብዙ መሄድ አያስፈልግም።

አብራት መድረክ ትወጣ የነበረች እንግሊዛዊት ሱፐርሞዴል በ1994 አልበም አወጣች። ዝናዋ ከእኛይቱ ይበልጣል። ከዚያ በፊት በዓለም ትልልቅ ዘፋኞች ክሊፖች ላይ ታይታለች። አልበሟ ላይ ስም ያላቸው ፕሮዲውሰሮች ሠርተውበታል። የማስታወቂያ እጥረት አልነበረም። ውጤቱ? በገዛ አገሯ የሽያጭ ሰንጠረዥ ነጠላ ዜማዋ 40ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። አልበሙ 75ኛ። ሁለተኛ አልበም አልመጣም።

ሰው አልበሙን ሲሰማ የሚሰማው ፎቶውን ነበር ብዬ አስባለሁ። «ቆንጆዋ ልጅ ደግሞ ዘፈነች» የሚለው ወሬ ከዘፈኑ ቀድሞ ደረሰ። ዝና በር ይከፍታል ይባላል። እውነት ነው፣ ይከፍታል። ግን በሩ ላይ የቆመው ሰው እየሳቀ ነው የሚከፍትልህ።

የእኛይቱ ሞዴል ሁለተኛ ችግር ነበረባት፤ ድምፅዋ ትንሽ ነው። ሻካራ ነው፣ ትንፋሽ ይበዛዋል፣ ከፍ አይልም። ይህን ተቺዎቿም ወዳጆቿም ይስማሙበታል። አዳራሽ የሚያናውጥ ድምፅ ቢኖራት ኖሮ አንድ መድረክ ላይ ወጥታ ሁሉን ዝም ታሰኝ ነበር። ያ መንገድ ለእሷ ዝግ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ዘፈን በእኛ አገር ሲተዋወቅ ሦስት ነገር ይነገራል፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ሬዲዮ ላይ ሰምታችሁታል። «ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ።» የዘፋኙ ስም ከሦስቱ ውጭ ነው። ሞዴሏ ወደ ሙዚቃ ስትገባ የገባችው ከሦስቱ በአንዱ ነው። በግጥም።

በ1999 የጻፈቻቸውን ግጥሞች ለአንድ የታወቀ ፈረንሳዊ ድምፃዊ ላከች። ምርጫው ዝም ብሎ የተደረገ አይመስለኝም። ይህ ሰው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚዘፍን ነው። ዜማ ራሱ ይሠራል። ግጥም ግን ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ይወስዳል። ማለትም በየአልበሙ ቃል የሚፈልግ፣ ዜማ የሞላው ሰው ነው። ጎዶሎው እሷ ያላት ነገር ነው። ብዙዎቻችን የሥራ ማመልከቻ የምንልከው ትልቅ ስም ወዳለበት ነው፤ እሷ የላከችው ቀዳዳው ወዳለበት ነው። ስሙም ትልቅ መሆኑ ምርቃት ነው።

በ2000 የወጣው አልበሙ ውስጥ 6 ዘፈኖች የእሷ ግጥም ናቸው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈንም የእሷ ነው። አድማጭ ዘፈኑን የሰማው በሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ድምፅ ነው። ፊቷ የለም፣ ቁመቷ የለም፣ የምትለብሰው የለም። ቃሉ ብቻ አለ። ተቺም ቢሆን የሚተቸው ቃሉን ነው።

ይህ እርምጃ ሌላም ነገር አደረገ። የግጥም ደራሲ ሆና ተመዘገበች። ፈረንሳይ ውስጥ ሳሴም የሚባል ከ1851 ጀምሮ የሚሠራ የደራሲዎች ማኅበር አለ። ዘፈን በሬዲዮ ሲለቀቅ፣ በአዳራሽ ሲዘፈን፣ ሲሸጥ፣ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው ድርሻውን ይሰበስባል። ያ የፎቶ ውል ላይ ያየነው ነገር እዚህ ተገለበጠ። ግጥሙ የእሷ ነው። እሷ ተኝታ ሌላ ሰው ቢዘፍነውም የእሷ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት አልፎ የራሷን አልበም አወጣች። ኅዳር 2002 ነው፤ 35ኛ ዓመቷን ልትይዝ ወር ቀርቷታል። ፕሮዲውሰሩ በ1986 የተበተነ የታወቀ የፈረንሳይ ሮክ ባንድ ጊታሪስት የነበረ ሰው ነው። የሮክ ሰው ስለሆነ ጩኸት ይጠበቅ ነበር። የሠሩት ግን ተቃራኒውን ነው። አልበሙ በአብዛኛው አኩስቲክ ጊታርና ድምፅ ነው። ማይኩ አፏ ሥር ያለ ይመስላል። ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ድምፅዋ ትንሽ ነው ተብሏል አይደል? እነሱ ድምፁን ለማሳደግ አልሞከሩም። በዙሪያው ያለውን ሁሉ ቀነሱና ትንሹ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

ዘፈኖቹ ስለ ትንንሽ ነገር ናቸው። አንዱ የፍቅረኛዋን ስም ፊደል በመቁጠር ይጀምራል፤ አራት ተነባቢ፣ ሦስት አናባቢ። ፍቅሯን በፊደል ቆጠራ መጀመሯ ደስ ይለኛል። በነገራችን ላይ ይህ ጨዋታ በእኛ ፊደል አይሠራም። በእኛ ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ተጋብተው ነው የሚኖሩት፤ ማን ይለያያቸዋል? ለማንኛውም እንዲህ ያለ መነሻ የሚጽፍ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው። ለክሊፕ ተብሎ የተጣደፈ ግጥም እንዲህ አይጀምርም።

ምን ሠራ

አልበሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 2 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ያሳተመው ከትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች አንዱ አልነበረም፤ የፈረንሳይ ነፃ አሳታሚ ነው። በ2004 ቪክቷር ደ ላ ሙዚክ በሚባለው የአገሪቱ ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ሴት ድምፃዊት ተባለች። የሸለሟት በሞዴልነቷ አይደለም።

ለምን ሠራ ብዬ ስጠይቅ ግጥሙን አስቀድማለሁ። አልበሙ ሲወጣ «ደግሞ ሞዴል ዘፈነች» የሚል ሰው አልጠፋም። ግን መልሱ ቀድሞ ገበያ ላይ ነበር። በሌላ ሰው ድምፅ ሁለት ዓመት ሲሰማ የቆየ ግጥም «ዝና ነው ያመጣት» ለሚለው ሰው አይመችም።

ጊዜውም ረድቷታል። ፈረንሳይ በ1994 ሕግ አወጣች። ከ1996 ጀምሮ የግል ሬዲዮ ጣቢያዎች ብዙ አድማጭ ባለበት ሰዓት ከሚለቁት ዘፈን 40 በመቶው በፈረንሳይኛ እንዲሆን ግድ ሆነ። ከዚያም ግማሹ አዲስ ድምፃዊ ወይም አዲስ ሥራ መሆን አለበት። ስለዚህ በፈረንሳይኛ የጻፈች አዲስ ድምፃዊት ለጣቢያው ሸክም አይደለችም፤ ኮታ ትሞላለታለች። ሕጉ ብቻውን ዘፈን አያስወድድም። ግን ዘፈኑ ሰው ጆሮ ዘንድ የሚደርስበትን መንገድ ይጠርጋል።

ሌላው ነገር የዚያን ጊዜ ጫጫታ ነው። ከ2001 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ወጣቶችን ቤት ዘግቶ ዘፋኝ የሚያደርግ የቴሌቪዥን ውድድር ነገሠ። መብራት፣ ዳንስ፣ ጩኸት። ከዚያ መካከል አንዲት ሴት ጊታር ይዛ በሹክሹክታ ስትዘፍን ሰው ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ ጀመረ። ይሄኛው ግምቴ ነው፤ ግን ማንም ሰው ሠርግ ቤት ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚፈልገው ጸጥታ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ምን አልሠራም

ሁለተኛው አልበም በ2007 መጣ። ምኞቱ ትልቅ ነበር። የየትስን፣ የኤሚሊ ዲክንሰንን፣ የኦደንንና የሌሎች እንግሊዝኛ ገጣሚዎችን ሥራ ዜማ ሠርታ ዘፈነችው። ለእንግሊዝኛው አነባበብ አንዲት አንጋፋ እንግሊዛዊት ድምፃዊት አግዛታለች። ሥራው የተከበረ ነው። ሽያጩ ግን ከመጀመሪያው አጠገብ አልደረሰም።

ምክንያቱን ለማወቅ የመጀመሪያውን ምክንያቶች መገልበጥ ይበቃል። ሰው የወደደው የእሷን ቃል ነበር፤ እዚህ ቃሉ የሌሎች ነው። ሬዲዮው የፈለገው ፈረንሳይኛ ነበር፤ እዚህ እንግሊዝኛ ነው፤ ከ40 በመቶው ውጭ ወደቀ። የፊደል ቆጠራው ዓይነት ጨዋታ የሚወጣው አንድ ሰው ከሚያልምበት ቋንቋ ነው። በተማረው ቋንቋ ሰው ይጠነቀቃል። ጥንቃቄ ደግሞ ዘፈን ውስጥ ይሰማል።

እኔ እንደ ስህተት አልቆጥረውም። ሁለተኛ ሥራ የመጀመሪያውን መድገም አለበት የሚል ሕግ የለም። ግን ዋጋ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። እሷ ዋጋውን መክፈል ትችል ነበር።

የሦስተኛው አልበም ታሪክ የታወቀ ነው። የካቲት 2008 የፈረንሳይን ፕሬዚዳንት አገባች። ሐምሌ ላይ አልበም አወጣች። በዚያ ወር ስለ እሷ ብዙ ተወራ። ነገር ግን ወሬው ሁሉ ስለ ቤተ መንግሥቱ ነው። አንድ ዘፈን ውስጥ ፍቅረኛዋን ከኮሎምቢያ ነጭ ዱቄት፣ ማለትም ከኮኬይን፣ ይልቅ አደገኛ ነው ትላለች። አንድ የካፌ ዘፋኝ ቢለው ማንም ዘወር ብሎ አያይም። የፕሬዚዳንት ሚስት ስትለው የኮሎምቢያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቅሬታ አሰማ። አንድ ስንኝ ዲፕሎማሲ ሆነ! ገቢውን ለበጎ አድራጎት ሰጠች። ባሏ ሥልጣን ላይ እያለ የኮንሰርት ጉዞ አላደረገችም። አልበም አውጥቶ መድረክ አለመውጣት ሱቅ ከፍቶ በር መዝጋት ነው። ያ ሁሉ ወሬ ቢኖርም ሽያጩ የመጀመሪያውን አልበም አልደረሰበትም።

አስተውሉ፤ በ1994 እንግሊዛዊቷን ያሰናከለው ነገር እዚህ ተመልሶ መጣ። ያኔ ከዘፈኑ የቀደመው ፎቶ ነበር። አሁን የቀደመው ሥልጣን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ ያራቀችው ዝና በሌላ በር ገባባት።

ባሏ በ2012 ምርጫ ከተሸነፈ በኋላ፣ በ2013፣ ወደ ፈረንሳይኛ ግጥሟ ተመለሰች፤ መድረክም ወጣች። ያኔም አልተላቀቃትም። አንዱን ዘፈን ጋዜጠኛው ሁሉ በአዲሱ ፕሬዚዳንት ላይ የተወረወረ ስድብ ነው አለ። እሷ አይደለም አለች። ማን ይሰማል?

በ2017 ሁለት ነገር ሆነ፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ እወዳለሁ። መስከረም ላይ ሚላኖ ውስጥ ቬርሳቼ የተገደለውን መሥራቹን የሚዘክር ትርኢት አቀረበ። በመጨረሻ መጋረጃው ሲከፈት አምስት የድሮ ሱፐርሞዴሎች ወርቃማ የብረት መረብ ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። አንዷ እሷ ናት፤ 49 ዓመቷ ነው። አንዷ ያቺ አልበሟ 75ኛ ላይ የቆመባት እንግሊዛዊት ናት። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። በቀጣዩ ወር የእኛይቱ የሌሎችን የታወቁ የእንግሊዝኛ ዘፈኖች የያዘ አልበም አወጣች። በ2020 ደግሞ በራሷ ስም የተሰየመ ሌላ አልበም ጨመረች። በ1999 ግጥሟን የላከች ሴት እስካሁን እየሠራች ነው። መንገዱን ዘላቂ ያደረገው አንድ ትልቅ ሥራ ብቻ አይደለም ማለት ነው። መሥራት አለማቆሟም ነው።

ሌላ መንገድም አለ

ይህ ብቸኛው መንገድ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ጃማይካ ተወልዳ ኒውዮርክና ፓሪስ ውስጥ ሞዴል የነበረች ሌላ ሴት በ1977 ከአንድ ትልቅ አሳታሚ ጋር ተፈራረመች። ሦስት የዲስኮ አልበም ሠራች። ጭፈራ ቤት ወደዳት፤ ከዚያ አላለፈም። በ1980 የኩባንያው ባለቤት ባሃማስ፣ ናሶ ስቱዲዮ ወሰዳት። የእሷን ግዙፍ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለና ሙዚቀኞቹን «ይሄ ፎቶ የሚመስለውን ድምፅ ሥሩልኝ» አላቸው። ሠሩለት። ቀዝቃዛ፣ ስል፣ ትንሽ የሚያስፈራ ሬጌ። ዛሬም ይሰማል።

አንዷ ፊቷን ደብቃ ገባች። ሌላዋ ፊቷን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ገባች። ሁለቱም ሠራ። ያልሠራው ፊትን በአንድ በኩል፣ ዘፈኑን በሌላ በኩል ገዝቶ በሙጫ ማጣበቅ ነው።

ምን መውሰድ ይቻላል

መጀመሪያ ያዙልኝ ያልኩት ነገር፦ ገንዘቡ። ይህች ሴት ሥራ አቁማ ዓመታት ያለ ደመወዝ ግጥም መጻፍ ትችል ነበር። የቤት ኪራይ አያሳስባትም። ቤቷ ውስጥ ፒያኖ ነበር። እናቷ ስታለማምድ እየሰማች ነው ያደገችው። ይህን ዘለን «እሷ ቻለች፣ አንቺም ትችያለሽ» ብንል ውሸት ነው። የኪራይ ቀን የደረሰባት ልጅ ሥራዋን ማቆም የለባትም። ክሊፑንም ፋሽን ሾውውንም እየሠራች ማታ ማታ መጻፍ ትችላለች። ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ማቆሙ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ቀላል ነው። ፊት የማያስፈልገውን ሥራ አስቀድሞ መሥራት። ግጥም መጻፍ የምትችል ትጻፍ። ዜማ የምታወጣ ዜማ ትስጥ። ሁለቱንም የማትችል ከሆነ ይህም ትልቅ መረጃ ነው፤ የስቱዲዮ ሂሳብ ከመክፈሏ በፊት ብታውቀው ይሻላል።

ማን ጋ እንደሚላክም ማሰብ ያስፈልጋል። እዚህ ከተማ ውስጥ ዜማ እየወጣላቸው ግጥም የሚያጥራቸው ድምፃውያን ብዙ ናቸው። የታወቀው ሰው ስልክ ላያነሳ ይችላል። አንድ አልበም ጀምሮ በሰባተኛው ዘፈን ላይ ቃል የጠፋበት ልጅ ግን ያነሳል።

ከዚያ ወረቀቱ አለ። እዚህ ላይ ቸኩዬ አላልፍም። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የግጥሙ ባለቤት የጻፈችው ናት። የኢኮኖሚ መብቷ በሕይወት እያለችና ካረፈች በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። እዚህ ግን ብዙ ነገር በቃል ነው የሚያልቀው። «እህቴ፣ እኔና አንቺ ምን ወረቀት ያስፈልገናል?» ይባላል። ዘፈኑ እስኪወደድ ድረስ አያስፈልግም። ሲወደድ ነው ጠቡ። ስለዚህ ግጥሙ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት አንድ ገጽ ይጻፍ፦ ግጥሙ የማን ነው፣ ለአንድ ዘፈን ነው ወይስ ለሁልጊዜ፣ ማስታወቂያ ላይ ቢውል ምን ይሆናል፣ ስሟ የት ይጻፋል። በሁለት ቅጂ ይፈረም። አንዱ ከእሷ ጋር ይቅር።

ትንሽ ድምፅ ያላት ልጅም ተስፋ አትቁረጥ። ግን አቀናባሪዋን ትምረጥ። የእኛ ስቱዲዮዎች ልማድ መሙላት ነው። ኪቦርድ ይገባል፣ ከበሮ ይገባል፣ አውቶቱን የሚባለው ድምፅ አስተካካይ ፕሮግራም ይገባል፣ ድምፁ መጨረሻ ላይ ከታች ሆኖ እርዱኝ ይላል። «ቀንስልኝ» ማለት ለጀማሪ ይከብዳል። ክፍያው ግን ከኪሷ ነው፤ ትበል። አንድ ክራር፣ ወይም አንድ ጊታር፣ ማይኩን ጠጋ አድርጎ መሞከር ምንም አያስከፍልም።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል። ልጆቻችን «ውጭ እንዲሰማ» ብለው ግማሹን በእንግሊዝኛ ይዘፍናሉ። የዚህችን ሴት ሁለት አልበሞች አጠገብ ለአጠገብ ማየት ይበቃል። 2 ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠው በፈረንሳይኛ የተጻፈው ነው። ከገዙት ስንቱ ፈረንሳይኛ ይችል ነበር?

ልጅቷ

ይህን ሁሉ ለጠያቂዬ በስልክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ይሄማ ብዙ ጊዜ ይፈጃል» አለች። አዎ አልኳት፤ ከ1999 እስከ 2002 ሦስት ዓመት ነው። የክሊፑ ቀረጻ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ልብሱ ተሰቅሏል።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ማታ አራት ሰዓት ላይ በቴሌግራም የደብተር ገጽ ፎቶ ላከችልኝ። በእጅ የተጻፈ ነው። አሥራ ሁለት ስንኝ፤ ሰባቱ ተሰርዘዋል። ስለ አንዲት ሴት ታክሲ ወረፋ ላይ ቆማ ሳለ የራሷን ፊት ከመንገዱ ማዶ በተሰቀለ ትልቅ ማስታወቂያ ላይ ስለምታይ ነው። ወረፋው አይንቀሳቀስም። ታክሲ ሲመጣ ማንም አያውቃትም።

ሥር ላይ «ጋሼ፣ ይሄ ለወንድ ድምፅ ይሆናል?» ብላ ጽፋለች።